የአንድ ራም ስልሳ ፈላጊ

እስከዚያ ሳምንት ድረስ፣ በጋዜጠኝነት ከሃያ ዓመት በላይ ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ለዜናዬ ማረሚያ አስወጥቼ አላውቅም ብዬ በየሻይ ቤቱ እናገር ነበር። አሁን እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ጫማዬን ለማስጠረግ ወጣ እላለሁ።

ጠባዬን ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው። እኔ በሦስት ምንጭ የማምን ሰው ነኝ። አንድ ሰው «ዝናብ እየዘነበ ነው» ቢለኝ አመሰግነዋለሁ። ሁለተኛው ሲደግመው ማስታወሻ ደብተሬን አወጣለሁ። ሦስተኛው ሲመጣ ጃንጥላ እፈልጋለሁ። በዚህ አሠራር ብዙ ጊዜ ረጥቤአለሁ፤ ተሳስቼ ግን አልረጠብኩም። ባለቤቴን ሳገባ እንኳ እንደምትወደኝ እሷ ራሷ ከነገረችኝ በኋላ ከሁለት ጓደኞቿ አጣርቻለሁ። ይህን እስከዛሬ አልረሳችልኝም።

በሥራዬ ግን ልማዱ ጠቅሞኛል። እሳት ሲነሳ፣ ጎርፍ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ሲሮጥ እኔ ቆሜ «ማን ነገረህ? በዓይንህ አይተሃል? ሌላስ ማን አየ?» እላለሁ። አዘጋጄ «አንተን ማስደንገጥ የሚፈልግ ሰው ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ማመልከት አለበት» ይላል። ለማወደስ ብሎ ይሁን ለመሳለቅ እስካሁን አላረጋገጥሁም።

ችግሩ የመጣው ይህን ልማድ ይዤ ለልጄ ላፕቶፕ ራም ልገዛ የወጣሁ ቀን ነው።

የምንኖረው ቡራዩ ነው። የአዲስ አበባ ኪራይ ሲገፋን ሁለት ክፍል ቤት ከኦቦ ለሚ ግቢ ተከራየን። ኦቦ ለሚ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው፤ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ በኩል ከባሕር ዛፉ ጀርባ የቀረች እርሻ አለቻቸው፤ ሦስት ላሞችም አሏቸው። አማርኛውን ከእኛ እኩል ይናገሩታል። የእኔ ኦሮምኛ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰላምታ ተነስቶ የላሞቹን ጤንነት እስከ መጠየቅ ደርሶ እዚያው ቆሟል።

ጊዜው አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ምክንያት በዙሪያዋ ያሉ ከተሞች የታመሱበት ነበር። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ሁሉም ጋ መንገዱ ጠዋት ተከፍቶ ከሰዓት ይዘጋል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን «እንዴት አደርክ» ከማለቱ በፊት «መንገድ አለ?» ይላል። ስለሞተው፣ ስለቆሰለውና ስለታሰረው ሰው በሥራዬ የቻልኩትን ያህል ጽፌአለሁ፤ በዚያ ላይ የምቀልድበት አንደበት የለኝም። የዛሬው ጨዋታ በእኔ ላይ ብቻ ነው።

ልጄ ሳሮን በዚያ ዓመት የሥነ ሕንፃ ትምህርቷን የምትጨርስበት ጊዜ ነበር። የመመረቂያ ሥራዋ ለጫንጮ ገበያ የሚሆን ጥላ መንደፍ ነው፤ እህል ሻጩም ቅቤ ሻጯም ከዝናብና ከፀሐይ የሚጠለሉበት። ሥራውን ፈታኞች ፊት የምታቀርበው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ነው። ያ ሰኞ ካመለጣት አንድ ዓመት ትጠብቃለች። መንገዱ ስለማይታመን እናቷ በየቀኑ ወደ ዩኒቨርሲቲው እንድትመላለስ አልፈቀደችም፤ ስለዚህ ያላት ያገለገለ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ደግሞ ሥዕሉ ሲያድግ እምቢ አለ። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«ራሙ ሁለት ጊጋ ነው፣ አባዬ» አለችኝ። «አራት ካልጨመርንበት ይሄ ፕላን አይከፈትም።»

ይህን ስትል ኦቦ ለሚ በር ላይ ወተት ይዘው ቆመው ነበር። በዚያን ሰሞን በቡራዩ ግቢ ውስጥ «ፕላን» የሚል ቃል ጮክ ብሎ አይነገርም። ወተቱን አስቀመጡና በለሆሳስ «አልከፈት ካለ ተዪው፣ ልጄ» አሏት። በእሳቸው አስተያየት ከፕላን ሁሉ የሚሻለው አልከፈት ያለው ነው።

ራም ምን እንደሆነ እንዳስረዳቸው ሲጠይቁኝ ላፕቶፑ ብዙ ነገር ማስቀመጥ እንደሚችል፣ ነገር ግን አንድ ጊዜ ዘርግቶ የሚሠራበት ቦታ እንደሚያንሰው ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ጎተራው ሰፊ፣ አውድማው ጠባብ ማለት ነዋ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

በማግሥቱ ፒያሳ ወረድኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ሻጭ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ቀልጣፋ ሰው ነው። የላፕቶፑን ዓይነት ነገርኩት። የድሮው ዓይነት ራም እንደሚያስፈልገው፣ አሁን የሚመጣው አዲሱ እንደሆነ አስረዳኝና «ግን አለ» አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ «አለ» ትንሽ ልበል። በኮምፒዩተር ሱቆቻችን «የለም» የሚባል ቃል እምብዛም አይሰማም። ያለው «አለ» ይላል። የሌለው ደግሞ «አለ፣ ይቀመጡ» ይልና ወደ ሌላ ሱቅ ይደውላል። ያኛውም ከሌለው «አለ፣ ይጠብቅ በለው» ብሎ ወደ ሦስተኛ ይደውላል። ደንበኛው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከፊቱ ያለውን ኬብል ሲቆጥር ዕቃው ከሆነ ሰፈር ተነስቶ ይመጣለታል። መልካም አሠራር ነው፤ ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ያን ቀን ግን ሻጩ «ይቀመጡ» አላለኝም። ዋጋውን ነገረኝና እጁን ወደ ጠረጴዛው ሥር ሰደደ።

እኔም እንደ ልማዴ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ዋጋውን ጻፍኩ። ቀና ስል የሻጩ እጅ ባዶውን ተመልሷል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ለካ አልቋል» አለኝ። «ልደውልልዎት።»

ይህንንም ጻፍኩት፦ «እጁ ወደ ታች ወረደ፤ ባዶውን ወጣ።» ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። እኔ የምመዘግበው የሆነውን እንጂ የመሰለኝን አይደለም። ሻጩ ደወለ፣ «አራት ጊጋ፣ የድሮው፣ አንድ ሰውዬ ይፈልጋል» ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ ስልኩን ዘግቶ ከመጀመሪያው ትንሽ ከፍ ያለ ዋጋ ነገረኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከፍሎ ይሄድ ነበር። እኔ ግን በአንድ ምንጭ ገንዘብ አላወጣም። አመስግኜ ወደ ሁለተኛው ሱቅ አለፍኩ። ከዚያ ወደ ሦስተኛው። ሦስቱ የነገሩኝ የተለያየ ዋጋ ስለሆነ አራተኛ አስፈለገኝ። በየሱቁ ደብተሬን አወጣለሁ፣ በየሱቁ ስልክ ይደወላል፣ በየሱቁ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል። ዘጠነኛው ሱቅ ስደርስ የመጀመሪያው ዋጋ ላይ ሩብ ያህል ተጨምሯል። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን እኔን ገና ከሩቅ ሲያዩ ስልካቸውን የሚያነሱ ሁለት ሻጮች ነበሩ። ይህንንም ጻፍኩ።

ዋጋው ለምን እንደሚጨምር ሁሉንም ጠየቅኋቸው። አንዱ ዶላር ነው አለ። አንዱ ውጭ አገር ፋብሪካ ተቃጥሏል አለ። ሌላው የእጅ ስልክ የዓለምን ሜሞሪ ሁሉ በላው አለ። አንዱ ደግሞ፣ ከሁሉም የማከብረው እሱን ነው፣ ትከሻውን ነቅንቆ «ዋጋ ነዋ ጋሼ» አለኝ። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ተስማሙ፤ ፈላጊው በዝቷል።

ቢሮ ገብቼ ይህን ሳወራ አዘጋጄ ጆሮውን አቀና። በዚያ ሰሞን ገጽ የሚሞላና ማንንም የማያስቆጣ ዜና ማግኘት ከባድ ነበር። «ይሄ ዜና ነው፤ ጻፈው» አለኝ። ሳላጣራ እንደማልጽፍ ያውቃል። አምስት ሻጮች ጋ በስልክ ደወልኩ። ማንነቴን ተናግሬ፣ ገበያውን ጠየቅሁ። አምስቱም፣ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ፣ አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ፤ ለአራት ጊጋዋ ፈላጊ እንዲህ በዝቶ አያውቅም፣ በየቀኑ ሰው ይጠይቃል። ሦስት ምንጭ ለሚበቃው ሰው አምስት ማግኘት በዓል ነው። ዜናው ወጣ፤ «የኮምፒዩተር ሜሞሪ ዋጋ በፍጥነት እየጨመረ ነው» ይላል። በጥንቃቄ የተጻፈ፣ አንድ «ይባላል» የሌለበት ዜና ነበር።

ቅዳሜ ጋዜጣው ወጣ፤ ሰኞ ገንዘቤን ይዤ ወደ መጀመሪያው ሱቅ ሄድኩ። በቃ፣ ተጣርቷል፣ እገዛለሁ። ሻጩ የነገረኝ ዋጋ ከመጀመሪያው አንድ ጊዜ ተኩል ሆኗል። ምነው ስለው በጣቱ ወደ መስታወቱ ጠቆመኝ። ጋዜጣው በፕላስተር ተለጥፏል።

«እኔን ካላመኑ ያንብቡት» አለኝ።

«ማን እንደጻፈው ታውቃለህ?»

«አላውቀውም። ግን በደንብ ያጣራ ሰው ነው።»

ክብሪት ነድዶ እስኪጠፋ ድረስ ኮራሁ። ከዚያ ዋጋው ትዝ አለኝ።

በተጨመረውም ዋጋ ቢሆን ዕቃው እጁ ላይ የለም። ያላት ሱሉልታ ያለች ጫልቱ የምትባል ሴት ናት። ካገለገሉ ላፕቶፖች የሚወጡ ክፍሎችን እየለየች ለከተማው ሱቆች የምታመጣው እሷ ናት፤ መንገድ ስለተዘጋ ግን መምጣት አልቻለችም። «ነገ ትመጣለች» አለኝ። ማክሰኞም ነገ ሆነ። ረቡዕም፣ ሐሙስም። ዓርብ ነገ ማለቱንም ተወ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳሮን ወረቀት ዘርግታ በእርሳስ ጣሪያ ስትሥል አገኘኋት። በእጅ የተሠራ እንደማይቀበሏት እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። «ዝም ብዬ እጄን ላፍታታ ብዬ ነው» አለችኝ። ፊቷን ከወረቀቱ አላነሳችም። ጫማዬን አሠርኩ።

ኦቦ ለሚ በር ላይ ያዙኝ። ሱሉልታ እንደምሄድ ስነግራቸው «ብቻህን? ያንተ ኦሮምኛ እኮ ላሞቹ ጋ ሲደርስ ያልቃል» አሉኝ። ከዚያ ለምን እንደምሄድ ጠየቁ፤ ነገርኳቸው።

«የልጅቷ ፕላን የማንን ቦታ ነው የሚነካው?»

«ጫንጮ ነው፣ ኦቦ። ገበያውን።»

«ጫንጮ» አሉ። ባለቤታቸውን ያገኙት ጫንጮ ገበያ ነው። በትራቸውን አነሱ። «እንሂድ። ይከፈትና በዓይኔ ልየው። የምናገረውን ከዚያ በኋላ እናገራለሁ።»

ፕላን እንዳይከፈት የመከሩት ሰውዬ ሊያስከፍቱት መንገድ ጀመሩ።

እስከ አዲሱ ገበያ በታክሲ ደረስን። የሱሉልታው ታክሲ ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለቱን ጀምሮ ጥቂት እንደሄደ መንገዱ ላይ ድንጋይ ስላገኘ ሁላችንንም አውርዶ ተመለሰ። ቀሪውን በእግር ተያያዝነው። ድንጋዩ አጠገብ ወጣቶች ቆመዋል። ኦቦ ለሚ ቀረብ ብለው በ«አካም ጅርቱ» ሰላምታ ጀመሩና ረዘም ያለ ነገር ነገሯቸው። ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ አንዱ ሳቀ፣ መንገድ ለቀቁልን። ምን እንዳሏቸው ጠየቅኋቸው።

«እውነቱን ነዋ። ሁለት ሽማግሌዎች ለኮምፒዩተር አውድማ ሊገዙ እየሄዱ ነው አልኳቸው።»

ሱሉልታ የሯጮች አገር ነው። ያን ቀን በዚያ መንገድ ላይ እንደ ወትሮው የሚሄዱት እነሱ ብቻ ነበሩ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ኮቴያቸው ሳይሰማ ያልፉናል። አንዱ ዞር ብሎ «አይዟችሁ፣ ደርሳችኋል» አለን። ደስ አለን። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሌላ ሯጭ «አይዟችሁ፣ ደርሳችኋል» አለን። ሁለት ምንጭ፣ ሁለቱም ስህተት። ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ አየችን፣ አዘነችልን፣ «ገና ነው» አለች። በዚያ መንገድ ላይ ያገኘሁት ትክክለኛ መረጃ ይህ ብቻ ነው።

የጫልቱ ሱቅ ዋናው መንገድ ዳር ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት፤ መዝጊያዋ በግማሽ ተዘግቷል። ጎንበስ ብለን ገባን። ጫልቱ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ አንገቷ ላይ ትንሽ አጉሊ መነጽር ያንጠለጠለች ሴት ናት። በስልክ ጥገና ጀምራ ኮምፒዩተር ላይ የደረሰችው በራሷ ነው። ኦቦ ለሚ ሰላምታውን እስኪጨርሱ ቆየሁና የምፈልገውን ነገርኳት። ፈገግ አለች። ባዶ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ከፍታ በብርማ ላስቲክ የተጠቀለለች ነገር አወጣች። ራም! ከሁለት ሳምንት በኋላ በዓይኔ አየኋት፤ ከጣቴ ብዙም አትበልጥም።

ከዚያ ዋጋዋን ነገረችኝ። ከመጀመሪያው ቀን እጥፍ ነው። ያን ያህል አልያዝኩም፤ ቤት ያስቀመጥኩትም አይሞላውም። «ምን ላድርግ ትላላችሁ?» ብላ እጇን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋች። ጋዜጣዬ ተዘርግቷል።

«አንብበውታል፣ ጋሼ? ፈላጊው እኮ ጉድ ነው። እኔ ራሴ ምልክት እያደረግሁ ስከታተል ቆይቻለሁ።» የካርቶን ቁራጭ አሳየችኝ፤ በእስክሪብቶ የተሰመሩ ጭረቶች ሞልተውታል። «በሁለት ሳምንት ውስጥ ስልሳ ጥሪ። ስልሳ ሰው! ነገ ዱባይ የሚሄድ ነጋዴ አለ፤ ከዚሁ ዓይነት ሃያ እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ። ያጠራቀምኩትን በሙሉ ነው የምሰጠው። ከዚያ መንገዱ ሲረጋጋ ሰፋ ያለ ሱቅ እይዛለሁ።»

እንግዲህ እኔ አልደነግጥም ብያችኋለሁ። ያን ጊዜ ግን ሦስተኛ ምንጭ ሳልጠብቅ ደነገጥኩ። ስልሳዎቹ ፈላጊዎች እነማን እንደሆኑ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት።

ከእሷ የሚገዙት ሱቆች ናቸው የሚደውሉት አለች፤ ሁሉም «አንድ ሰውዬ ይፈልጋል» ነው የሚሉት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ከተማ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ቡናማ ጃኬት ያደረገ፣ ደብተር የያዘ ሽማግሌ በየሱቁ እየዞረ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ አይገዛም። የግብር ሰው ነው ብለው ፈርተው ያላቸውን ሁሉ ደብቀዋል።

«የፒያሳው ራሱ ሁለት አለው» አለች። «ከጠረጴዛው ሥር። ሊያወጣ ሲል ሰውዬው ደብተሩን መዘዘበት።»

ኦቦ ለሚ ጃኬቴን አዩ። ከዚያ ከኪሴ ብቅ ያለችውን ደብተር አዩ። ከዚያ ጣሪያውን አዩ።

እነዚያ ሁለት ራሞች ካሉበት የፒያሳ ጠረጴዛ ፊት፣ ጉልበቴ ሊነካቸው አንድ ክንድ ሲቀረው፣ በመጀመሪያው ቀን በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ውስጥ ቆሜ ነበር። ደብተሬ ውስጥም ተጽፏል፦ «እጁ ወደ ታች ወረደ፤ ባዶውን ወጣ።» ሐቁን በሙሉ መዝግቤዋለሁ፤ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። እውነቱን ስትሰማ ተናዳ ራሟን ቆርቆሮው ውስጥ መልሳ እኛን በግማሽ መዝጊያው ብታስወጣን፣ ሰኞ ሳሮን በእርሳስ የተሣለ ጣሪያ ይዛ ትቆማለች። ነገር ግን ነጋዴው ነገ ይሄዳል፤ የሴትየዋ ገንዘብም አብሮት።

«ልጄ» አልኳት፣ «ስልሳዎቹ እኔ ነኝ።»

«ስልሳውም?»

«ዘጠኝ ሱቅ ነው፤ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ከዚያ በስልክ ማጣራት አለ። ከዚያ አምስት ቀን አንዱ ጋ እየሄድኩ ጠይቄአለሁ።»

ካርቶኑን አየች። «አሁንም ስልሳ አይሞላም።»

«ቀሪው ሱቆቹ ጋዜጣውን አንብበው የደወሉት ይሆናል።»

«ጋዜጣውንስ ማን ጻፈው?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

ጫልቱ ካርቶኑን ጋዜጣው ላይ አስቀመጠችው። ኦቦ ለሚ ጉሮሯቸውን ጠርገው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏት። ጫልቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። ዓይኗን እየጠረገች ተረጎመችልኝ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴን አከራይቼዋለሁ፤ ስልሳ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ኪራይ እጨምር ነበር» ነው ያሉት።

ስልኳን አንስታ ነጋዴው ጋ ደወለች። «ተወው፣ አታምጣ» ስትለው ሰማሁ። «ፈላጊው አንድ ሰው ነው። … አዎ፣ አንድ። እዚህ ቁጭ ብሏል።» ከዘጋች በኋላ ራሟን በመዳፏ ላይ አድርጋ ጥቂት አሰበች። ያቺ ጋዜጣ ገንዘቧን ሁሉ ልታስበላት ነበር፤ ያቺን ጋዜጣ የጻፈው ሰውዬ ደግሞ በእግሩ መጥቶ አተረፈላት። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ምን እንደሚያደርጉት ያልወሰነች ትመስል ነበር።

«የመጀመሪያው ቀን ዋጋ ስንት ነበር?» አለችኝ።

ደብተሬን ገለጥኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመችኝ። በዚያው ዋጋ ሰጠችኝ፤ በአንድ ግዴታ፣ ዜናው እንዲታረም። ቃል ገባሁ። ኦቦ ለሚ «ገለቶማ» ብለው አመሰገኗት፤ ስትሸኘንም ምንም ነገር ልገዛ ስሄድ ደብተሬን ቤት ትቼ እንድሄድ መከረችኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቡራዩ ገባን። ሳሮን ላፕቶፑን ገልብጣ ብሎኖቹን ፈታች፣ ራሟን ገፋ አድርጋ አስገባች፣ መልሳ ዘጋች፣ አበራች። ሦስታችንም ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አልን። ሥዕሉ ቀስ እያለ ወጣ፤ ምሰሶው፣ ደረጃው፣ ከዚያ ያ ሁልጊዜ የሚቆምበት ጣሪያ። ጣሪያው አላቆመውም። እስከ ዳር ተከፈተ።

ኦቦ ለሚ በርጩማ ስበው ከፊቱ ተቀመጡ። ቤቶቹ የት እንዳሉ ጠየቋት፤ አንዱም አይነካም፣ ሁሉም እዚያው ናቸው ብላ አሳየቻቸው። በጣታቸው መንገዱን ተከተሉ። ባለቤታቸውን ያገኙበትን ጥግ ፈለጉና አገኙት። ብዙ ከቆዩ በኋላ ፊታቸው ኮስተር አለ።

«አህያው የት ይታሰራል?»

«ምን፣ ኦቦ?»

«እህሉ በእግሩ አይመጣም፣ ልጄ። ያመጣው አህያ የት ይታሰራል?»

ሳሮን ሥዕሉን አየች። አምስት ዓመት ተምራ በሠራችው ስድስት ምሰሶና አንድ የሚያምር ጣሪያ ውስጥ አንድ አህያ የምትቆምበት ቦታ አልነበረም። ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋን ትታ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኦቦ ለሚ እስኪመሽ አጠገቧ ነበሩ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ ቅቤ ሻጮች ለምን ፀሐይ መውጫ በኩል እንደማይቀመጡ ነገሯት። እሷ ታንቀሳቅሳለች፣ እሳቸው «እንደሱ» ይላሉ። አንድ ጊዜ ሰማኋቸው፤ «ፕላን ሳያልቅ ሲጠይቁኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ።

«እኔም መች ጠየቅሁ» አለች ሳሮን። «እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ።»

እኔም በዚያው ክፍል ጥግ ተቀምጬ ማረሚያዬን ጻፍኩ። «ከዚህ ቀደም ስለ ሜሞሪ ዋጋ ባወጣነው ዜና የፈላጊው ብዛት የተገለጸው በስህተት ነው፤ በተደረገው ማጣራት ፈላጊው አንድ ሰው ሆኖ ተገኝቷል።» በስልክ ሳነብለት አዘጋጄ «አምስት ምንጭ አልነበረህም?» አለኝ። ነበረኝ አልኩት፤ አምስቱም ስለ እኔ ነበር የሚያወሩት። «እንደገና አንብበው» አለኝ። አሁን የደነገጠው እሱ ነው።

ሰኞ ማለዳ ታክሲ መያዣው ጋ ቆምን። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሦስት ሰዎች ጠየቅሁ። አንዱ አለ አለኝ፣ አንዱ የለም አለኝ፣ አንዱ «እስከ አሁን አለ» አለኝ። ሦስቱን እያመዛዘንኩ ዞር ስል ሳሮን ማንንም ሳትጠይቅ ታክሲው ውስጥ ገብታ በመስኮት እጇን ታወዛውዛለች።

እስከ እኩለ ቀን ስልኬን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልቆጠርኩም። ኦቦ ለሚ ግን ግጦሽ ያላቸውን ላሞች ሌላ ግጦሽ ፍለጋ በሚል ምክንያት በእኛ በር ፊት ደጋግመው አልፈዋል። ስልኩ ሲጮህ ሁለታችንም እኩል ተነሳን።

አልፋለች። ከፈታኞቹ አንዱ ሥዕሉን ዙሪያውን ካየ በኋላ መጀመሪያ የጠየቃት እህል የጫነው አህያ የት እንደሚቆም ነው፤ እሷም በጣቷ አሳየችው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቀለል አለ። ይህን ለኦቦ ለሚ ስነግራቸው በትራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ። ጥቂት ቆይተው ግን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ።

«ማለፏን ማን ነገረህ?»

«ራሷ ነቻ፣ ኦቦ።»

«ሁለቱ ምንጮችስ?»

ደብተሬን ፈለግሁ። ጫልቱ እንደመከረችኝ ቤት ውስጥ ትቼው ነበር።

«ለዚህኛው» አልኳቸው፣ «አንዷ ትበቃኛለች።»